እሪታው በከንቱ እንዳይቀር

«ነገር በዐይን ይገባል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ለብዙ ጉዳይ እውነት ነው። ለድምፅ ግን እውነት የሚሆነው፣ ዐይናችን የሚያየው ምን እንደ ሆነ ለይተን ያወቅን እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው፣ ድምፅን በዐይን የመቁረጥ ልማድ በመካከላችን እየተስፋፋ ስለ መጣ ነው። የቋንቋው ተማሪ፣ የፎክሎሩ፣ የቴአትሩ፣ የጋዜጠኝነቱ፣ ሁሉም ዛሬ ስልኩን ይዞ ይወጣና የሽማግሌ ቃል፣ የአዝማሪ ግጥም፣ የአልቃሽ ሙሾ ቀድቶ ይመለሳል። ማታ በመኝታ ክፍሉ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ በኦዳሲቲ ወይም እሱን በመሰለ ፕሮግራም ላይ ቅጂውን ይዘረጋዋል። ሰማያዊ ተራራና ሸለቆ ይታየዋል። ተራራው ንግግር፣ ሸለቆው ዝምታ ነው ብሎ ይፈርድና ሸለቆውን እየቆረጠ ይጥላል። ጆሮውን ምስክር ሳይጠራ ፍርዱን ይፈጽማል።

እኛም እንዲሁ እናደርግ ነበር። የራስን ጥፋት ደብቆ ሌላውን መምከር ስለማይገባ፣ አስቀድመን የራሳችንን እንናገራለን።

አራዳን የሚያውቅ ሁሉ እሪ በከንቱን ያውቃል። የሰፈሩ ስም ራሱ አንድ ሙሉ ታሪክ ይዟል፤ ሰው ጮኸ፣ የደረሰለት ግን አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲዛወር፣ እኛ ያን ጊዜ ጀማሪዎች የነበርን ጥቂት ተማሪዎች፣ እዚያው ሰፈር ተወልደው ያረጁ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። ቤታቸው ሊፈርስ ቀናት ቀርተውት ነበር። ቡና አፍልተው፣ «ልጆቼ፣ ጠይቁኝ እንግዲህ» አሉን። አንድ ሰዓት ያህል ቀዳን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። ቅጂው እንደ ራዲዮ ፕሮግራም ፈጠን ፈጠን እንዲል ብለን፣ ከአንድ ሰኮንድ አንድ አሥረኛ የበለጠውን ዝምታ ሁሉ ወደዚያው ልክ እንዲያሳጥረው ፕሮግራሙን አዘዝነው። ከዚያ በፊት ግን ረዣዥሞቹን ሸለቆዎች በእጃችን ቆርጠን ጥለናቸዋል። ጨርሰን ስንነሣ የመጀመሪያውን ቅጂ ከስልኩ ላይ ደመሰስነው፤ ስልኩ ሞልቶ ነበርና።

ለጓደኞቻችን ያሰማን ዕለት ሁለት ነገር ደረሰብን። አንደኛው፣ እማማ ስለ ጥንቱ ጨለማ ሲያወሩ «ሌባው ይመታል» ያሉበት ቦታ ነው። ግማሹ ሰሚ ሌባው ሰውን ይመታል ማለታቸው ነው አለ፤ ግማሹ ደግሞ ሌባው ራሱ ዱላ ይቀምሳል ማለታቸው ነው አለ። እኛ ራሳችን፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠን የሰማነው ሰዎች፣ መልስ አጣን። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ እሪ ሲባል ሰምተው ወጥተው ያውቃሉ?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። በእኛ ቅጂ ላይ ወዲያው «አዎን፣ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ!» ይላሉ። አንድ ጓደኛችን ግን፣ ሳንቆርጠው በፊት ጥቂት ደቂቃ ልከንለት ስለ ነበረ፣ ያንኑ ክፍል ከስልኩ አውጥቶ አመጣ። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ስድስት ሰኮንድ ያህል ጠፍጣፋ መሥመር አለ። እኛ ዝምታ ነው ብለን የጣልነው እሱን ነበር። ድምፁን ከፍ አድርገን ብንሰማው፣ እማማ ወደ ሲኒያቸው ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «አንድ ቀን ሳልወጣ ቀርቻለሁ» ይላሉ።

እንግዲህ ፍረዱ። ያ ሹክሹክታ ያለበት ምስክርነትና ያ ሹክሹክታ የሌለበት ምስክርነት አንድ ናቸውን? የሰፈሩን ስም ምክንያት ለማወቅ ሄደን፣ ምክንያቱን ራሱን ቆርጠን ጣልነው።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ማሽኑ የጠየቅነውን አሳይቶናል፤ የጠየቅነው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ትራኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው መልክ፣ ዌቭፎርም የሚባለው፣ የሚመልሰው «በየትኛው ጊዜ ድምፁ ምን ያህል ጉልበት ነበረው?» ለሚለው ብቻ ነው። ማን እንደ ተናገረ፣ ምን እንደ ተናገረ፣ ንግግር ይሁን የመኪና ጡሩምባ፣ አይነግረንም።

ይህንንም ቢሆን በግምት ነው የሚነግረን። ሒሳቡን አብረን እናስላው። ተራ የዲጂታል ቅጂ ድምፁን በአንድ ሰኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰኮንድ ስለ ሆነ፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ 158,760,000 ልኮችን ይይዛል ማለት ነው። ይህን ሁሉ 1,500 ነጥብ ስፋት ባለው መስኮት ላይ ብንዘረጋው፣ አንዲት ቀጭን ዓምድ የ2.4 ሰኮንድ ድምፅ፣ ማለትም 105,840 ልኮችን ትሸከማለች። በኦዳሲቲ ላይ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ከእነዚያ ልኮች ጫፍ የደረሰውን ያሳያል፤ ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ ደግሞ የአማካይ ኃይላቸውን ያሳያል። በ2.4 ሰኮንድ ውስጥ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ጊዜ እያየን መቀስ ስንሰነዝር፣ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ የአራዳን ሰው በስሙ ለመጥራት እንደሚሞክር ሰው ነበርን። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፤ ሳይጠጉ አለመቁረጥ።

መጠጋት ብቻውን ግን ሹክሹክታውን አያወጣውም። የተለመደው መልክ ቁመቱን የሚሰፍረው እኩል በእኩል ነው። የትራኩ ቁመት 150 ነጥብ ቢሆን ከመካከሉ እስከ ጣሪያው 75 ነጥብ ይሆናል። ከጣሪያው አንድ መቶኛ ጉልበት ያለው ድምፅ፣ በባለሙያዎች አነጋገር 40 ዴሲቤል ዝቅ ያለው፣ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጠፍጣፋ መሥመር ሆኖ ይታያል። ጆሯችን ግን እንዲህ አይሰፍርም፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያን ድምፅ ያለ ችግር ይሰማዋል። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ ሁለተኛ መልክ ያበጀው። በትራኩ ግራ ጠርዝ ያለውን የቁመት መለኪያ ወደ ዴሲቤል ስንለውጠው (ቦታው እንደ ፕሮግራሙ እትም ይለያያል)፣ መለኪያው እስከ 60 ዴሲቤል ዝቅታ የሚያሳይ ከሆነ፣ ያ አንድ ነጥብ ያልሞላው ድምፅ የቁመቱን አንድ ሦስተኛ፣ 25 ነጥብ ያህል ይዞ ብቅ ይላል። የእማማ ሹክሹክታ በዚህ መልክ ሲታይ ጉብታ ነበረ። አንድ ጊዜ ብቻ መለኪያውን ብንለውጠው ኖሮ ባየነው ነበር።

ሦስተኛው መልክ ስፔክትሮግራም ነው። ብዙዎቻችን የሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ እያልን የምንሸሸው ይኸ ነው። በእርግጥ ግን ከሦስቱ ሁሉ ለቋንቋ ተማሪ የሚቀርበው እሱ ነው። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከታች ወደ ላይ ይደረደራል፤ ጉልበቱ በቀለም ይታያል። ይህን ዐይነት ሥዕል የሚያወጣ መሣሪያ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 «የሚታይ ንግግር» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ይዞ መጽሐፍ ወጥቶለታል። ከዓላማዎቹም አንዱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ንግግርን በዐይናቸው እንዲያነቡ መርዳት ነበር። ያን ጊዜ የላቦራቶሪ ሀብት የነበረው ሥዕል፣ ዛሬ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ከትራኩ ምርጫዎች ውስጥ በመምረጥ ይመጣል። ሁለቱን መልኮች አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ የሚያሳይም መልቲ ቪው የሚባል አለ።

በዚህ ሥዕል ላይ ምን እናያለን? አናባቢው አግድም የተነጠፈ ጥለት ይመስላል። ሰ እና ሸ ከላይ እንደ ጉም ይበተናሉ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ከአጭር ባዶ ቦታ በኋላ ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን መሥመር ያወጣሉ። ይህች መሥመር በዌቭፎርሙ ላይ የቴፕ ጠቅታ ትመስላለች፤ «ጠቅታ አጥፋ» ብሎ ለሚያዝ ችኩል ተማሪ የቋንቋችን ፈንጂ ተነባቢዎች ቆሻሻ መስለው ሊታዩት ይችላሉ። የሰ ጉምም እንዲሁ ከአሮጌ ካሴት ሽውታ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሽውታውን ያለ ልክ ያጸዳ ሰው ሰ የማይሉ አረጋውያንን ይፈጥራል። በሌላ በኩል እውነተኛው ቆሻሻ ራሱን ያጋልጣል። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከመብራት መሥመር የገባ እምምታ በ50፣ በ100፣ በ150 ኸርዝ ላይ እንደ ተወጠረ ክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰምሮ ይታያል። ያን ክር ለይቶ ማውጣት ይቻላል፤ የሰውየውን ድምፅ ሳይነኩ።

ሌላም ጥቅም አለው። «ዋናው ቅጂ ይኸው» ብለው የሚሰጡንን ፋይል እውነተኛነት ይመረምርልናል። ተጨምቆ የተላከ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከላይ በኩል በቢላ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ይታያል፤ በኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ለምሳሌ ወደ 16,000 ኸርዝ ገደማ ሲደርስ ያልቅበታል። ይህን ያየ ሰው «ዋናው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ ስፔክትሮግራምንም ጣዖት አናድርገው። እሱም የራሱ ድንቁርና አለው። ፕሮግራሙ ድምፁን እየከፋፈለ በትንንሽ መስኮት ነው የሚመረምረው። መስኮቱን ብናጠብበው ነገሩ መቼ እንደ ሆነ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቅጥነቱ ግን ይደበዝዛል። ብናሰፋው ቅጥነቱ ይጠራና ጊዜው ይደበዝዛል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥራት አይቻልም። ጠን ለማየት መስኮቱን ማጥበብ፣ እምምታውን ለመያዝ ማስፋት ያስፈልጋል። እንግዲህ እዚህም ቢሆን አስቀድሞ የሚመጣው የእኛ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ሌባው እንመለስ። ፊደላችን ሁሉን ይችላል፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይጽፍም። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት በፊደሉ ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ከማኖራቸው በቀር፣ ገና የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለው፣ የምንለየው በጆሮ ወይም ከዓረፍተ ነገሩ ነው። «ይመታል» ሲላላ ሰውየው መቺ ነው፤ ም እና ት ሲጠብቁ ተመቺ ነው። ት ስትጠብቅ ምን ይሆናል? ምላስ የአየሩን መንገድ ዘግቶ ከተራው ት በግምት እጥፍ ያህል ይቆያል። ያ ቆይታ በድምፅ ሥዕል ላይ ባዶ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ትርጉም አንዳንድ ጊዜ በዝምታው ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

እኛ ምን አደረግን? ከአንድ ሰኮንድ አንድ አሥረኛ የበለጠ ዝምታ ሁሉ ይጠር ብለን አዘዝን። የላላችው ት ከዚያ ስለምታንስ ተረፈች፤ የጠበቀችው ተቀጠቀጠች። ም ግን ዝምታ ስላልሆነች ጠብቃ ቀረች። ስለዚህ ቃሉ ግማሹ ተመቺ፣ ግማሹ መቺ የሆነ፣ ማንም ተናግሮት የማያውቅ አማርኛ ሆነ። ሰሚዎቻችን ለሁለት መከፈላቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ይህንን በቅኔ ወይም በአዝማሪ ግጥም ላይ ብናደርገው ኖሮ፣ በማጥበቅና በማላላት መካከል የተሰወረው ወርቅ ሰሙን ብቻ ትቶልን በሄደ ነበር።

ድምፅን በሥዕል ማሳየት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የዜማ ምልክት እስከ ዛሬ በቅኔ ማሕሌት አለ። ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ቅናቱ፣ ሂደቱ፣ ርክርኩ ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ለዐይን ያሳያል። ነገር ግን ምልክቱን አይቶ ብቻ ዜማ አወቅሁ የሚል ደቀ መዝሙር አይገኝም። መሪጌታው ፊት ተቀምጦ፣ እየሰማና እየደገመ፣ ዓመታት ያሳልፋል፤ ምልክቱ የሰማውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልሰማውን አይሰጠውም። አባቶቻችን በዐይንና በጆሮ መካከል ያደረጉት የሥራ ክፍፍል ይህ ነው። እኛ በኮምፒዩተር ፊት የረሳነውም ይህንኑ ነው።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኤዱዋር ሌዮን ስኮት የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1857 ድምፅን በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የሚሥል መሣሪያ አስመዘገበ። መልሶ ለማሰማት አላሰበም፤ ለዐይን ብቻ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1860 ካወጣቸው ሥዕሎች አንዱ ሳይጠፋ ስለ ተጠበቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በኮምፒዩተር ተነቦ መዝሙሩ ተሰማ። ከ148 ዓመት በኋላ! ይህ የሆነው፣ ወረቀቱ ሳይጣል ስለ ተቀመጠ ነው።

የሚቃወሙን አሉ። አንዳንዶች «ጆሮ ይበቃል፤ ይህ ሁሉ ሥዕል ለምን?» ይላሉ። ጆሮ የመጨረሻው ዳኛ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ጆሮ ይደክማል፤ የአሥር ሰዓት ቅጂ ውስጥ ሹክሹክታው የት እንዳለ የሚጠቁመው ዐይን ነው። ሌሎች ደግሞ «ኮምፒዩተራችን አሮጌ ነው፤ ስፔክትሮግራም ሲያወጣ ያዘግማል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሰዓቱን ሙሉ ሳይሆን ሊቆርጡት ያሰቡትን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ማሳየት ግን ይቻላል። ሦስተኞቹ «ጊዜ የለንም፤ የሴሚናሩ ቀን ደርሷል» ይላሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው አጭር ነው፤ ጊዜ ያልነበራቸው እኛ ነበርን፤ ውጤቱንም ነግረናችኋል።

ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምናሳስበው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ቅጂ አይነካ፤ ሳይጨመቅ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ የሚቆረጠው ግልባጩ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሸለቆ ከመጣሉ በፊት በዴሲቤልና በስፔክትሮግራም ይታይ፤ ከዚያም ይሰማ። ሦስተኛ፣ ዝምታን በጅምላ የሚያሳጥር ትእዛዝ በአማርኛ ንግግር ላይ ሳይመረመር አይሰጥ። አራተኛ፣ የተማሪዎች ኅብረታችን ቅጂዎችን በጋራ የሚያስቀምጥበት አንድ ዲስክና አንድ መዝገብ ያዘጋጅ፤ የእያንዳንዳችን ስልክ ሲሞላ የአንድ ሰፈር ታሪክ መደምሰሱ ይቅር።

እማማን ኋላ ፈልገን በአዲሱ መኖሪያቸው አገኘናቸው። የሆነውን ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ የተረፈውንም አሰማናቸው። ስለ ሌባው ሲሰሙ ሣቁ። «ከተያዘማ ይመታል እንጂ! ችግሩ አለመያዙ ነው» አሉን፤ ት ሙሉ ቆይታዋን አግኝታ። ሹክሹክታው ሲመጣ ግን ሣቃቸው ቆመ። ይህን ብንጽፈው ይከፋዎታል ወይ ብለን ጠየቅናቸው። «የተናገርሁትን ለምን ትቆርጡብኛላችሁ? ጻፉት» አሉ። የቀረውን የዚያን ቀን ወሬ እንዲደግሙልን ለመንናቸው። ሞከሩ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይሄዱ አቆሙ። «ያ በር፣ ያ ደረጃ ከፊቴ ከሌለ ነገሩ አይመጣልኝም፣ ልጆቼ» አሉን።

በሩና ደረጃው አሁን የሉም። በእሪ በከንቱ የጮኸ ሰው አንድ ጊዜ ጮኾ ሳይሰማ ቀርቷል። «ይሰማል» የሚለው ቃላችን ሲላላ ሰሚውን፣ ሲጠብቅ ተሰሚውን ያመለክታል፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ አንዱ ከሌለ ሌላው የለም። ሰሚ የመሆኑ ተራ ደግሞ አሁን የእኛ ነው።